ሯጩ ተማሪና የኮሌጅ በር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በስፖርት ብርቱ የሆኑ ተማሪዎችን ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች ለማድረስ የአሠልጣኙ ድርሻ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ርእሱን የመረጠው ኮሚቴ በልቡ ያሰበው አገር አሜሪካ እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ለእግሩ ወይም ለክንዱ ብርታት ሲል የትምህርት ወጪውን ችሎ የሚወስድበት ልማድ በዚያ መጠን የሰፋበት ሌላ አገር የለምና። ይህ የኮሌጆች ስፖርት የጀመረው በሩጫ አይደለም፤ በጀልባ ቀዘፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 የሃርቫርድና የዬል ተማሪዎች በኒው ሃምፕሻየር ግዛት በሚገኝ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተወዳደሩ፤ የአሜሪካ ኮሌጆች የእርስ በርስ ውድድር ታሪክ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ዛሬም የሴቶች የቀዘፋ ቡድን ያላቸው ኮሌጆች፣ መቅዘፊያ በእጇ ነክታ የማታውቅን ረጅምና ጠንካራ ልጃገረድ በማሽን ላይ በምታስመዘግበው የ2000 ሜትር ሰዓት መዝነው የሚቀበሉበት ጊዜ አለ። የጀረር ሸለቆ ውሃ የሚታየው ዝናብ በዘነበ ሰሞን ነውና ከጅጅጋ ቀዛፊ እናውጣ ብዬ አልመክርም። ነገሩን ያነሣሁት መልማዩ የሚሻው ምን እንደ ሆነ ስለሚያሳይ ነው። እርሱ የሚሻው ሊመረመር የሚችል ቁጥርና ሊታመን የሚችል ወረቀት ነው። የእኛ ልጆች እግር አላቸው፤ ያነሣቸው ቁጥሩና ወረቀቱ ነው። ንግግሬም በዚሁ ዙሪያ ይሆናል።

አስቀድሜ የሁለት ሯጮችን ሕይወት ላስታውሳችሁ። ሁለቱም በእኛ አካባቢ ወላጆች ዘንድ ስማቸው የሚታወቅ፣ ቋንቋቸውም የአካባቢያችን ቋንቋ የሆነ ነው።

አብዲ ቢሌ በላስ ዓኖድ ተወልዶ በወጣትነቱ ኳስ ይጫወት ነበር። በሩጫ ምክንያት የአሜሪካ የትምህርት ዕድል እንደሚገኝ በሰማ ጊዜ ኳሱን ትቶ ወደ ሩጫ ዞረ። በቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው፤ እ.ኤ.አ. በ1985ና በ1987 በ1500 ሜትር የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው በ1987 በሮም በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት በ3 ደቂቃ ከ36.80 ሰከንድ ወርቅ አገኘ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያ ሰው የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የኮሌጅ ተማሪ ነበረ።

ሳሚያ ዩሱፍ ዑመር በሞቃዲሾ ተወለደች። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ተወዳድራ በ32.16 ሰከንድ ከሁሉም ኋላ ገባች፤ ተመልካቹ ግን እስክትጨርስ ድረስ በጭብጨባ አጀባት። ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ፍለጋ ወደ እኛ አገር፣ ወደ አዲስ አበባ መጣች። የፈለገችውን ባለማግኘቷ በሱዳንና በሊቢያ በኩል አድርጋ ወደ አውሮፓ ለመሻገር ተነሣች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሰጥማ ሞተች። ሞቷን በአደባባይ ካሰሙት ሰዎች አንዱ ከላይ ስሙን ያነሣሁት አብዲ ቢሌ ነበረ።

በእኛ ከተሞች ይህ ሁለተኛው መንገድ ስም አለው፤ «ታህሪብ» እንለዋለን። በጅጅጋም ሆነ በውጫሌ፣ በኤረርም ሆነ በሽንሌ፣ በደወሌም ሆነ በአውበሬ የሚያስተምር ባልደረባ ከክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ድንገት ባዶ ሆኖ ያየበት ቀን ይኖራል። ስለዚህ ስለ ኮሌጅ ምልመላ ስንነጋገር ስለ ቅንጦት የምንነጋገር አይምሰለን። ልጁ መሄድን አስቀድሞ አስቧል፤ ያልታወቀው በየትኛው በር እንደሚወጣ ነው።

በአገራችን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ምን ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃ የሚሻ ቢኖር ወደ በቆጂ ይመልከት። ከዚሁ ከምሥራቁ፣ ከሐረር የወጣው መምህር ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ከተማሪዎች መካከል እየመረጠ ማሠልጠን ጀመረ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእርሱ እጅ ያለፉ ናቸው። ይሁን እንጂ በቆጂን እንዳለ ወደ ጅጅጋ ማምጣት አይቻልም። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ የደጋ ከተማ ናት፤ ጅጅጋ ወደ 1600 ሜትር ገደማ ላይ በሜዳ የተዘረጋች ናት፤ ኤረርና ሽንሌ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብለው በባቡሩ መስመር ላይ በሙቀት ውስጥ ይገኛሉ። በዚያ ልምምድ ከፀሐይ መውጣት በፊት ካላለቀ አይሠራም፤ በረመዳን ወርም ሰዓቱ ሁሉ ይለወጣል። የበቆጂ ልጅ መንገድም ቢሆን በአብዛኛው ወደ ኮሌጅ የሚያደርስ አልነበረም፤ ወደ ክለብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ስለዚያች ከተማ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም የሚከተላቸው ሁለት ልጃገረዶች ቤታቸውን ትተው በየማሠልጠኛው የገጠማቸውን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ኬንያውያን በዚህ ረገድ ከእኛ ተለይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሯጮቻቸውን በአሜሪካ ኮሌጆች በኩል አሳልፈዋል፤ ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። የእኛ አገር ሩጫ ግን የተገነባው በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በባንክና በፋብሪካ ክለቦች ላይ ነው። ክለብ ለድኻ ልጅ ደመወዝና መኝታ ይሰጣል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ድኽነትን አያውቅም። ዳሩ ግን ክለቡ ልጁን የሚወስደው በ16 እና በ17 ዓመቱ፣ ማለት ትምህርቱ ሊጠናቀቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ጉልበቱ የታመመ ዕለት ደመወዙም ይቆማል፤ የ12ኛ ክፍል ማስረጃም በእጁ የለም።

የበሩ አሠራር እንዴት ነው? የኮሌጆቹን ስፖርት በብዛት የሚያስተዳድረው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለው ማኅበር ነው። በአንደኛው ምድብ ለመወዳደር ተማሪው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ጊዜ 16 መሠረታዊ ትምህርቶችን፣ ይኸውም እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ የተፈጥሮ ሳይንስንና የኅብረተሰብ ሳይንስን የመሳሰሉትን ጨርሶ፣ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 አማካይ ማግኘት አለበት። ከእነዚህም 10ሩ የመጨረሻው የትምህርት ዓመት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ ይኖርባቸዋል። ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለውን ፈተና ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2023 ከግዴታነት አንሥቶታል፤ አንዳንድ ኮሌጆች ግን በራሳቸው ይጠይቃሉ፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም አይቀርም። እንግዲህ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ልጁ ፈጥኖ ሮጠ ብለን ለኮሌጅ ስንጽፍ ዋናው ጉዳይ ከሦስት ዓመት በፊት ያለቀ ነው። የምልመላው ሥራ የሚጀምረው በ9ኛ ክፍል መስከረም ነው፤ የመጀመሪያው ልምምድም ልጁን ከሒሳብ መምህሩ ጋር ማገናኘት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በቆየው ደንብ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ ያለ ቅጣት የሚያሳልፈው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቆይቶ በተደራጀ ውድድር ከተሳተፈ ከመወዳደሪያ ዘመኑ ይቀነስበታል። «ሁለት ዓመት ክለብ ይሩጥና ሰዓቱን አሻሽሎ ይሂድ» የምንለው ምክር ስለዚህ ልጁን ይጎዳዋል። ስለ ክለብ ገንዘብም ነገሩ የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ ይህን የሰማ ወጣት አማተርነት የሚባል ነገር ቀረ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ በሥራና በገቢ ላይ ያለበት ገደብ አልተነሣም፤ ያው ስምምነት በየቡድኑ የሚያዙትን ስፖርተኞች ቁጥር ስለወሰነም በአንዳንድ ቡድኖች ቦታው ጠብቧል። ደንቡ በየዓመቱ በሚለዋወጥበት በዚህ ዘመን ልጁ ማናቸውንም ውል ከመፈረሙ በፊት የኮሌጁን የደንብ ክፍል በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባል።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ እንናገረው። እስከ 2025 ድረስ በሥራ ላይ በነበረው ደንብ አንድ የአንደኛ ምድብ ኮሌጅ ለወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ ቡድኑ በሙሉ የነበረው የስኮላርሺፕ መጠን 12.6፣ ለሴቶቹ 18 ነበር። አሠልጣኙ ይህን ለብዙ ልጆች ይሸነሽነዋል፤ ለአንዱ ሩቡ፣ ለሌላው ግማሹ ይደርሰዋል። ለወላጅ «ሙሉ ነው» ብለን ከነገርን በኋላ ግማሽ ሆኖ ሲመጣ ግመል የሚሸጠው ወላጁ ነው። ሁሉም ነገር በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ እንደሚገኝ አድርገንም አንናገር። ሶማሊያ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደው አብዲ አብዲረህማን ሩጫን የጀመረው በአሪዞና በቱሳን ከተማ ባለ ፒማ በተባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፤ ከዚያ ወደ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ አሜሪካን ወክሎም በአምስት ኦሎምፒኮች ሮጠ።

ስለ ቁጥሩ አንድ ቃል ልጨምር። በጅጅጋ አቧራማ ሜዳ ላይ በእጅ ሰዓት የተያዘ 5000 ሜትር፣ ሜዳውን ማንም ያልለካው ከሆነ፣ ለቨርጂኒያ አሠልጣኝ ወሬ ነው። ሰዓቱ እንዲታመን በፌዴሬሽን በታወቀ ውድድር፣ በተለካ መም ላይ፣ በዳኛ ፊርማ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ለልጁ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ መም ያለበት ከተማ የሚሄድበትን የትራንስፖርት ገንዘብ ማግኘት፣ ጫማ ከመግዛት በፊት የሚቀድም ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እመጣለሁ፤ በእኛ ክልል ከባዱ ይህ ነውና።

ልጁ በአንደኛ ደረጃ የተማረው በሶማሊኛ ነው፤ ሶማሊኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። «አብዲ» የሚለው ስም በዚህ አጻጻፍ የሚጀምረው «ሲ» በሚባለው ፊደል ነው፤ «ሐሰን» የሚለው ደግሞ «ኤክስ» በሚባለው። ያው ልጅ መታወቂያ ሲያወጣ ስሙ በአማርኛ ይጻፋል፤ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ «ኤ» እና «ኤች» ይሆናል። በመድረሳ የተሰጠው ወረቀት ካለ በዐረብኛ ነው። በዚህ ላይ በሶማሌ ልማድ ቅጽል ስም ከእውነተኛው ስም ይልቅ የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነውና መዝገብ ውስጥ ቅጽሉ የገባ አይጠፋም። የአባትና የአያት ስምም በአንዱ ወረቀት አለ፤ በሌላው የለም። እኛ አንድ ልጅ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በሩቅ አገር ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ፓስፖርቱ ላይ የሚሰፍረው አጻጻፍ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ በውድድር ውጤትና በፈተና ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን መከታተል የማንም ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው።

ስምና ወረቀት በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳላቸው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከውጫሌ ድንበሩን አልፎ ወደ ሐርጌሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ገቢሌ የምትባል ከተማ አለች። ሞ ፋራህ ብሎ ዓለም የሚያውቀው፣ በለንደንና በሪዮ ኦሎምፒኮች በ5000ና በ10000 ሜትር አራት ወርቅ ያገኘው ሯጭ ከዚያ አካባቢ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተሠራ ዘጋቢ ፊልም እውነተኛ ስሙ ሑሴን አብዲ ካሂን እንደ ሆነ፣ በልጅነቱ በሌላ ልጅ ስም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በሰው ቤት እንዲያገለግል መደረጉን ራሱ ተናገረ። ይህን ሸክም በልጅነቱ የገለጠው ለማን ነበር? ለሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ለአለን ዋትኪንሰን ነው። መምህሩ ጉዳዩን ለማኅበራዊ አገልግሎት አስታወቀ፤ ልጁ ወደ ሌላ የሶማሌ ቤተሰብ እንዲዛወር ረዳ፤ በኋላም ልጁ እ.ኤ.አ. በ2000 ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ደከመለት። የዓለም ሕዝብ የሚያስታውሰው ሩጫውን ነው፤ በዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ግን የመምህሩን ደብዳቤዎች ብናስታውስ ይገባናል።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አሁን በሁለተኛ ደረጃ ያሉት ልጆቻችን ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸውና የልደት ቀናቸው ብዙ ጊዜ በግምት የተያዘ ነው፤ እናት ልጇን የምታስታውሰው በዝናቡ ወይም በድርቁ ዓመት ነው። ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ ግምቱን ለታዳጊዎች ውድድር እንዲመች ዝቅ ማድረግ ነው። ዛሬ ለአንድ ሜዳሊያ ሁለት ዓመት የተቀነሰለት ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ትራንስክሪፕቱና ፓስፖርቱ ሲጣሉ ይጋለጣል፤ የሚጠፋውም የእርሱ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ትምህርት ቤት በኋላ የሚጽፍ አሠልጣኝ ሁሉ አይታመንም። ስለዚህ ቀኑ አንድ ጊዜ በቤተሰቡ ፊት በእውነት ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ አይነካ።

ከቤተሰብ ጋር መነጋገርን በተመለከተ ባጭሩ ልናገር። የልጃገረድ አባት የሚጠይቀው ስለ ሰዓት አይደለም፤ ስለ ልብስ፣ ስለ ማደሪያና ስለ ጸሎት ነው። መልሱን ከኮሌጁ ጠይቀን እንንገረው እንጂ ከራሳችን አንፍጠር። በአዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በፓሪስ የ2024 ኦሎምፒክ የማራቶን ወርቋን ሒጃብ ለብሳ መቀበሏን ብዙ አባቶች አይተዋል፤ ጨዋታውን ለመጀመር ይረዳል። ደላላ ግን ከመካከል ይውጣ። የኮሌጅ አሠልጣኝ ለመመልመል ከቤተሰብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አይ-20 የተባለውን የመግቢያ ቅጽ የሚልከው ራሱ ኮሌጁ ነው፤ ለአሜሪካ መንግሥት የሚከፈለው የተማሪ መዝገብና የቪዛ ማመልከቻ ገንዘብም መጠኑ የታወቀ ሆኖ በቀጥታ የሚከፈል ነው። ከዚህ ውጭ «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» የሚል ሰው ሲመጣ ለወላጁ የምንነግረው እኛ ነን። በአዲስ አበባ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ልጅም ምን እንደሚያጠና አጥርቶ መናገር አለበት፤ «እሮጣለሁ» ብቻ ያለ ሰው ተማሪ መሆኑን አላስረዳም።

በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር ካምፖች ስላሉት ስደተኛ ተማሪዎች የተለየ ቃል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአሜሪካ አዋጅ የሶማሊያ ዜጎችን፣ ተማሪዎችንም ጨምሮ፣ እንዳይገቡ አግዷል። ለእነዚህ ልጆች የአሜሪካን ተስፋ ማውራት ጭካኔ ነው። ይልቁንስ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል የሚሰጠውና ዳፊ የሚባለው የትምህርት ዕድል በዚሁ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራልና ወደዚያ እንምራቸው።

ለአገሬው ልጅም ቢሆን ሁለተኛ በር ሳይኖረው አንደኛውን ማሳየት ተገቢ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማለፊያ ውጤት ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ በወደቁበት አገር ሯጩን ከጥናት ሰዓቱ አውጥቶ ወደ ሜዳ መውሰድ ከባድ ኃላፊነት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለአሜሪካ ብለን የምንይዝለት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ክትትል ወደ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ያው የሚያስፈልገው ነው፤ ድካሙ ሁለት አይደለም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በየትምህርት ቤቱ ለሯጭ ተማሪዎች አንድ መዝገብ ይከፈት፤ በፓስፖርት አጻጻፍ ስም፣ በቤተሰብ ፊት የተያዘ የልደት ቀን፣ የየሴሚስተሩ ውጤት፣ በዳኛ የተፈረመ ሰዓት፣ ከኮሌጆች ጋር የተደረገ መጻጻፍ በእርሱ ውስጥ ይቀመጥ። የቅጹን ረቂቅ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። ያልተፈታው ጥያቄ መምህሩ ሲዛወር መዝገቡን ማን ይይዛል የሚለው ነው፤ ርእሰ መምህሩ ይሁን የሚሉ አሉ፤ የወላጆች ኮሚቴ ይሁን የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ወላጆቹ አደላለሁ፤ እነርሱ ከከተማው አይዛወሩምና። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት በዚህ ላይ ውሳኔ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።